ከስደት በኋላ የሚመጣው ፈተና፦ የወንድማማች ፍቅርና ቂም በሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

መግቢያ

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስናስተምር ስለ ስደት ብዙ እንናገራለን። የሰማዕታቱን ጽናት፣ የገዢዎቹን ጭካኔ፣ በመከራ መካከል የበዛውን የምእመናን ቍጥር እንተርካለን። ስደቱ ካለፈ በኋላ ስለሚሆነው ግን የምንናገረው ጥቂት ነው። የእስር ቤቱ በር ተከፍቶ የታሰረው ወደ ጉባኤው ሲመለስ የሚያገኘው አብረውት የጸኑትን ብቻ አይደለም። ስሙን አሳልፎ የሰጠውን፣ ፈርቶ የካደውን፣ ሸሽቶ የተደበቀውንም በዚያው ያገኛል። ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ቆመው ከአንዱ እንጀራ መካፈል ይጠበቅባቸዋል።

ጌታችን እርስ በርስ መዋደድን ያዘዘበትን ስፍራ ልብ እንበል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 አዲሱ ትእዛዝ የተሰጠው ይሁዳ ወደ ሌሊቱ ከወጣ በኋላ ነው። ትእዛዙም እንደ ተነገረ ወዲያው ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ እንደሚክድ ይሰማል። ስለዚህ ትእዛዙ በአሳልፎ መስጠትና በክህደት መካከል ተቀምጧል ማለት ነው። የተሰጠውም እርስ በርሳቸው ለሚተማመኑ ሰዎች ብቻ አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ የሰሜን አፍሪካን ቤተ ክርስቲያን ሁለት ዘመናት ይመለከታል። የመጀመሪያው በሦስተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ሁለተኛው በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሁለቱም የተጀመሩት በስደት ነበር፤ ሁለቱም የወደቁ ሰዎችን ትተው አለፉ። የመጀመሪያው ግን በዕርቅ ሲፈታ፣ ሁለተኛው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየ ክፍፍል ወለደ። ልዩነቱ ከምን መጣ? ጸሐፊው የሚያቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ ጥላቻን መተው ለስሜት ብቻ የሚተው ነገር ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን በሥርዓት ልትሠራው የሚገባ ሥራ ነው፤ ያልተሠራ እንደ ሆነም ቂሙ ራሱ እምነት መስሎ ይወረሳል። (የተጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የዳክዮስ ዐዋጅና የወደቁት

ንጉሠ ነገሥት ዳክዮስ በ249 መጨረሻ ዙፋኑን ከያዘ ብዙ ሳይቆይ በግዛቱ የሚኖር ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ዐወጀ። የሠዋ ሰው በሹማምንት የተፈረመ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ከግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተው ዛሬ ድረስ ይታያሉ። በዛሬይቱ ቱኒዚያ ባሕር ዳርቻ በነበረችው በካርቴጅ ከተማ ዐዋጁ ሲደርስ የሆነው ነገር አሳፋሪ ነበር። ወታደር ሳይመጣባቸው፣ ማንም ሳይጎትታቸው ወደ መሠዊያው የተጋፉ ክርስቲያኖች ብዙ ነበሩ። አንዳንዶች ሠዉ፤ አንዳንዶች ጥቂት ዕጣን ጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሳይሠዉ ጉቦ ሰጥተው ወረቀቱን ገዙ። ጥቂቶች ግን እምቢ ብለው ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ሞቱም።

የከተማዋ ኤጲስ ቆጶስ ሲፕሪያን ነበር፤ በአገራችን የግእዝ ልማድ ቆጵርያኖስ ይባላል። የንግግር ጥበብ መምህር የነበረ፣ ክርስቲያን ከሆነ ጥቂት ዓመታት ብቻ የተቆጠሩለት ሰው ነው። ገና አዲስ አማኝ ሳለ ለዚህ ሥልጣን መመረጡ ያልተዋጠላቸው ቀሳውስት ነበሩ። ስደቱ ሲነሣ ሲፕሪያን ከከተማዋ ወጥቶ ተደበቀ፤ መንጋውንም በደብዳቤ መራ። የሮም ኤጲስ ቆጶስ ፋቢያን በጥር 250 በሰማዕትነት ሲሞት የካርቴጁ ተደብቆ መቀመጡ ብዙ አስወቀሰው። እንግዲህ በ251 ወደ ከተማው ሲመለስ የጠበቀው ጉባኤ በሦስት የተከፈለ ነበር፤ የጸኑት፣ የወደቁት፣ በእርሱም ላይ ቂም የያዙት።

በሩን ያልዘጋ፣ ያልበረገደውም

የወደቁት ለመመለስ ይለምኑ ነበር። በእስር ቤት የጸኑት ምስክሮች ትልቅ ክብር ስለ ነበራቸው ለወደቁት የሰላም ደብዳቤ ይጽፉላቸው ጀመር። አንዳንዱ ደብዳቤ አንድን ሰው ከነቤተ ሰቡ እንዲቀበሉት የሚያዝ፣ የቤተ ሰቡን አባላት ስም እንኳ የማይዘረዝር ነበር። በካርቴጅ ፊሊቺሲሞ የሚባል ዲያቆንና ባልደረቦቹ የወደቁትን ያለ ንስሓ ጊዜ ተቀበሉ። በሮም በኩል ደግሞ ኖቫትያን የሚባል የተማረ ቄስ የወደቀ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ፈጽሞ ሊመለስ አይገባም ብሎ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ።

ሲፕሪያንና በ251 በካርቴጅ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት ሁለቱንም መንገድ አልተከተሉም። ወረቀት ገዝተው ያልሠዉት ጉዳያቸው በየግላቸው ተመርምሮ እንዲመለሱ፣ የሠዉት ደግሞ ረዥም የንስሓ ጊዜ እንዲያሳልፉና በሞት አልጋ ላይ ያለው ኅብረት እንዲሰጠው ወሰኑ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ አዲስ ስደት ሊነሣ ነው ተብሎ በተፈራ ጊዜ ጉባኤው እንደ ገና ተሰብስቦ በንስሓ የጸኑትን ሁሉ ተቀበለ። ያቀረቡት ምክንያት እረኛ የሆነ ሰው ሁሉ ሊያስብበት ይገባል፤ ደሙን ለጌታ እንዲያፈስ የምንጠይቀውን ሰው የጌታን ደም ጽዋ ልንከለክለው እንዴት እንችላለን? አሉ።

እዚህ ላይ የሥራውን መልክ እናስተውል። ኃጢአቱ በስሙ ተጠርቷል፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ለብቻው ተመርምሯል፤ ጊዜ ተሰጥቷል፤ በሩ ግን አልተዘጋም። ይህ መልክ ከ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 2 ጋር ይስማማል። በዚያ ሐዋርያው ጳውሎስ ቅጣቱ የበቃውን ሰው ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር እንዲሉት፣ ፍቅራቸውንም እንዲያጸኑለት ይለምናል። ይቅርታ መንፈግ ለሰይጣን በር መክፈት እንደ ሆነም ያስጠነቅቃል። ሲፕሪያን ለወደቁት ያለቀሰ ሰው ነበር፤ ለውድቀታቸው ግን ሌላ ስም አላወጣለትም።

ቸነፈሩ፦ ለአሳዳጅ መልካም ማድረግ

ዳክዮስ በ251 በጦር ሜዳ ሞተ። በዚያው ሰሞን ታላቅ ቸነፈር ሰሜን አፍሪካን መታ። ሲፕሪያን ራሱ ምልክቶቹን ጽፏቸዋል፤ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስል፣ የዐይን መቅላት፣ አንዳንዱንም ዕውር ወይም ደንቆሮ አድርጎ የሚተው በሽታ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዲያቆኑ ጶንጥዮስ እንደሚነግረን ሰዎች የገዛ ዘመዶቻቸውን እየጣሉ ሸሹ፤ በየመንገዱ ሬሳ ተከመረ።

ሲፕሪያን ምእመናኑን ሰበሰበ። የራስን ወገን ብቻ መርዳት የሚያስደንቅ እንዳልሆነ፣ ቀራጮችና አሕዛብ እንኳ እንደሚያደርጉት አስተማራቸው። በክፉዎችና በደጎች ላይ ፀሐይን የሚያወጣ፣ ዝናብንም የሚያዘንብ አባት ልጆች ከሆኑ (ማቴ. 5፥44-45) ያሳደዷቸውንም ማስታመም እንደሚገባቸው ነገራቸው። እነዚያ አረማውያን የትናንት ከሳሾች ነበሩ። በትርዒቱ ሜዳ ሲፕሪያን ለአንበሳ ይሰጥ ብለው የጮኹት የከተማው ሰዎች ናቸው። ሆኖም ሥራው እንደ ሰዉ ዐቅም ተከፋፈለ፤ ገንዘብ ያለው ገንዘብ ሰጠ፤ የሌለው ጕልበቱን ሰጠ።

ሲፕሪያን በጠባዩ ለስላሳ ሰው ስለ ነበረ ነው እንዳንል በዚያው ዘመን ዲሜትሪያን ለሚባል ከሳሽ የጻፈውን መልስ ማንበብ በቂ ነው። ሰውየው ጦርነቱም፣ ድርቁም፣ ቸነፈሩም የመጣው በክርስቲያኖች ጦስ ነው ይል ነበር። የሲፕሪያን መልስ እሳት የሚተፋ ነው። ነገር ግን በብዕር የተሟገተው ሰው የከሳሾቹን ሕሙማን አልተወም። ክርክርና ጥላቻ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ እንማራለን።

በዚያው ዘመን በኑሚዲያ ክርስቲያኖች በወራሪ ጎሣዎች ተማርከው ሳለ የካርቴጅ ምእመናን 100,000 ሰስተርስ ሰብስበው ለማስለቀቂያ ላኩ። ይህን የኑሚዲያን ስም እናስታውሰው፤ በሁለተኛው ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ሲፕሪያን በመስከረም 14 ቀን 258 በንጉሠ ነገሥት ቫለሪያን ዘመን ተሰየፈ። የፍርዱ መዝገብ አንድ ነገር ጠብቆልናል። ሰያፊው ሲመጣ ሲፕሪያን ለዚህ ሰው 25 የወርቅ ሳንቲም ስጡት ብሎ ሰዎቹን አዘዘ። ለአሳዳጅ መልካም አድርጉ ብሎ በቸነፈሩ ጊዜ የሰበከው ስብከት በሰይፉ ፊትም አልተለወጠም።

ሁለተኛው ስደትና መርምሮ ያልፈረደ ቍጣ

በ303 ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትም ተሰብስበው እንዲቃጠሉ አዘዘ። አሁን ፈተናው መጽሐፉን አሳልፎ መስጠት ነበር። እምቢ ብለው የሞቱ ነበሩ፤ የሰጡም ነበሩ። የካርቴጅ ኤጲስ ቆጶስ ሜንሱሪዮስ የመናፍቃን መጻሕፍትን ሰጥቶ ወታደሮቹን እንዳታለላቸው ተናግሯል። በ304 ከአቢቲና ከተማ 49 ክርስቲያኖች ለአምልኮ በመሰብሰባቸው ተይዘው ወደ ካርቴጅ ተወሰዱ። የእነርሱን ታሪክ የጻፈው ወገን፣ ሜንሱሪዮስና ዲያቆኑ ሴሲሊያን ለእስረኞቹ ምግብ እንዳይገባ ከለከሉ ሲል ይከሳል። ክሱ እውነት ይሁን አይሁን፣ በብዙዎች ልብ ውስጥ ምን ያህል መራራ ሥር እንደ ተከለ መገመት አያስቸግርም።

ሜንሱሪዮስ ከሞተ በኋላ፣ በ311 ገደማ፣ ሴሲሊያን በእርሱ ምትክ ተሾመ። ከሾሙት አንዱ የአፕቱንጋው ፊሊክስ መጻሕፍትን አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ተከሰሰ። ሰባ ያህል የኑሚዲያ ኤጲስ ቆጶሳት ወደ ካርቴጅ መጥተው ሴሲሊያንን ሻሩና በምትኩ ማዮሪኖስን ሾሙ። ቀጥሎም ዶናቱስ ተተካ፤ ወገኑ ሁሉ በእርሱ ስም ተጠራ። ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት ካርቴጅ ገንዘብ አዋጥታ ምርኮኞቻቸውን ያስለቀቀችላቸው አብያተ ክርስቲያናት አሁን ከካርቴጅ ጋር የጌታን እራት መካፈል ተዉ።

ምክንያቱ የእምነት ንጽሕና ብቻ ነበር? ከተቃራኒው ወገን የጻፈው ኦፕታቱስ ሌላም ይጨምራል። ሉሲላ የምትባል ባለጠጋ ሴት ከጌታ እራት በፊት የሰማዕት አጥንት ስለምትስም ሴሲሊያን ገሥጿት ነበርና ቂም ይዛ ነበር፤ በማዮሪኖስ መሾም እጇ አለበት ይላል። በ305 በሲርታ የተደረገ ስብሰባ መዝገብ ነው ተብሎ በኋላ የቀረበው ጽሑፍም ከፈራጆቹ ከኑሚዲያ ኤጲስ ቆጶሳት መካከል አንዳንዶቹ ራሳቸው መጻሕፍትን በመስጠት እንደ ተወቃቀሱና ነገሩን ሸፋፍነው እንደ ተለያዩ ያሳያል። ዶናቲስቶች ይህን መዝገብ አልተቀበሉትም። የማይካደው ግን ይህ ነው፤ በ315 የፊሊክስ ጉዳይ በመንግሥት ዳኛ ፊት ሲመረመር ማስረጃ ተብሎ በቀረበው ደብዳቤ ላይ የሐሰት ቃል እንደ ተጨመረ ታወቀና ፊሊክስ ነጻ ወጣ። ነገር ግን ማንም ወደ ኋላ አልተመለሰም። ፍርዱ የተፈረደው ከምርመራው በፊት ነበርና ምርመራው ሊሽረው አልቻለም።

ከ251 ጋር እናነጻጽረው። ያን ጊዜ ጉባኤው ሰውን ለብቻው መርምሮ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ በር ከፍቶ ፈረደ። አሁን ግን ክስ ቀደመ፤ ምርመራ ዘገየ፤ በሩም ተዘጋ። ከዚህም በላይ በደሉ ወደ ልጅ ልጅ ተላለፈ። መጻሕፍቱን ሰጡ የተባሉት ሰዎች ሞተው ከተቀበሩ ከብዙ ዓመት በኋላ የተወለዱ ምእመናን፣ ከአሳልፈው ሰጪዎች ወገን ናችሁ ተብለው እንደ ገና ይጠመቁ ነበር።

ቂሙ ወደ ዳቦው ምጣድ ሲደርስ

መንግሥት በነገሩ ገባ። ቆስጠንጢኖስ ለሴሲሊያን ወገን ፈረደ፤ ከ317 እስከ 321 በዶናቲስቶች ላይ ኀይል ተጠቀመ፤ ኋላም ተወው። በ347 ደግሞ ሌላ ግፊት መጣ፤ ዶናቲስቶችም አዳዲስ ሰማዕታት አገኙ። ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ በ360ዎቹ መጀመሪያ ተሰደው የነበሩት እንዲመለሱ ሲፈቅድ እነርሱ በተራቸው የተቃራኒዎቻቸውን መሠዊያ ሰባበሩ፤ ርኩስ ነው ብለው ግድግዳውን አጠቡ። የታጠቁ ቡድኖች በየገጠሩ ቀሳውስትን ይደበድቡ ነበር። ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ያነብባሉ፤ አንድ ጌታ ይጠራሉ፤ ሲፕሪያንንም ሁለቱም አባታችን ይሉታል።

በሂፖ ከተማ የሆነ አንድ ትንሽ ነገር ከጦርነቱ ወሬ ይልቅ ያሳዝናል። የዶናቲስቶቹ ኤጲስ ቆጶስ ፋውስቲኖስ፣ በከተማዋ የእርሱ ወገን በበዛበት ጊዜ፣ ጋጋሪዎች ለሌላው ወገን ዳቦ እንዳይጋግሩ ከልክሎ ነበር። ይህን የመዘገበልን በኋላ በዚያች ከተማ ያገለገለው አውግስጢኖስ ነው። ከአንድ እንጀራ እንዲካፈሉ የተጠሩ ሰዎች ዳቦ ለመጋገር እንኳ ተጸየፉ። ጥላቻ ሁልጊዜ በሰይፍ አይጀምርም፤ አብሮ ባለመብላት፣ ለቅሶ ባለመድረስ፣ ሰላምታ በመንፈግ ይጀምራል።

አውግስጢኖስ የዮሐንስን የመጀመሪያ መልእክት ለሕዝቡ የሰበከው በዚህ መካከል ነው። እግዚአብሔርን እወድዳለሁ እያለ ወንድሙን የሚጠላ ሐሰተኛ ነው የሚለው ቃል (1ዮሐ. 4፥20) ለሂፖ ምእመናን በየጎዳናው የሚያዩት ነገር ነበር። ክርስቶስን በአፍ መመስከርና በወንድም ጥላቻ መካድ በአንድ ሰው ዘንድ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አስተማረ። ሲፕሪያንንም በምሳሌነት አነሣው። ሲፕሪያን ከሮሙ ኤጲስ ቆጶስ እስጢፋኖስ ጋር ስለ ጥምቀት አጥብቆ ተከራክሯል፤ ነገር ግን ከእርሱ የተለየ አሳብ ያላቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ከኅብረቱ አላወጣም።

በ411 በካርቴጅ ከሁለቱ ወገኖች ከአምስት መቶ የሚበልጡ ኤጲስ ቆጶሳት ለክርክር ተሰበሰቡ። ከክርክሩ በፊት የአውግስጢኖስ ወገን አንድ ነገር በጽሑፍ አቀረበ። ብንረታ መንበራችንን እንለቃለን፤ ብንረታችሁ ደግሞ መንበሩን ከእናንተ ጋር እንካፈላለን፤ ሕዝቡ ይህን ካልወደደ ሁለታችንም እንውረድና ሌላ ይሾም አሉ። ለአንድነት ሲባል ወንበር መልቀቅ በየትኛውም ዘመን ቀላል አይደለም። ኋላም አንድ ቄሳቸውን የገደሉ፣ ሌላውንም አካሉን ያጎደሉ ሰዎች ሲያዙ አውግስጢኖስ ዳኛው ማርሴሊኖስ በሞት እንዳይቀጣቸው፣ አካላቸውንም እንዳያጎድል ለመነ።

ይሁን እንጂ ይኸው አውግስጢኖስ፣ ቀድሞ ማንም ሰው በግድ ሊሳብ አይገባም ይል የነበረ ሲሆን፣ በኋላ የመንግሥትን ማስገደድ ደገፈ፤ ለዚህም በሉቃስ 14 ስለ ታላቁ እራት የተነገረውን ምሳሌ ጠቀሰ። ከክርክሩ በኋላ በዶናቲስቶች ላይ ከባድ ሕግ ወጣ። አብያተ ክርስቲያናቸውን ለሌላው ወገን ማስረከብ ይቻል ነበር፤ ልብ ግን በዐዋጅ አይታረቅም። በኋለኞቹ ዘመናት ይህን የአውግስጢኖስን ክርክር ይዘው ብዙዎች ስለ እምነታቸው ተሳደዋል፤ ከወንጌላውያን አባቶቻችንም መካከል ብዙዎች የዚያ ዱላ አርፎባቸዋል። ለፍቅር የተከራከረ ሰው እንኳ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ዱላ ሊያነሣ እንደሚችል ታሪኩ ያስጠነቅቀናል። በ429 ቫንዳሎች ወደ ሰሜን አፍሪካ ሲሻገሩ የተቀበላቸው የተከፋፈለ ሕዝብ ነበር።

ለእረኞች የሚሆን ትምህርት

የአገራችን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ይህ ታሪክ እንግዳቸው አይደለም። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ፣ ለምሳሌ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ መሪዎቿ ሲታሰሩ፣ የጸኑም የደከሙም ነበሩ። በሩ ሲከፈት እነማን እንደ ጸኑ፣ እነማን እንደ ተንበረከኩ በሹክሹክታ ተነገረ። ዛሬም ቢሆን አገራዊ ግጭት ባለፈበት ስፍራ ሁሉ አንዱ ምእመን ሌላውን በዚያ ክፉ ቀን የት ነበርህ? በማለት ይመለከተዋል። በብሔርና በቋንቋ የሚነሣው ቂም የጉባኤያችንን በር ሲያንኳኳ፣ ያልበደለው ሰው ስለ ወገኑ በደል ሲጠየቅ፣ ይህ የዶናቲስቶች ስሕተት በአዲስ ልብስ መምጣቱ ነው።

ሁለት ፈተናዎች አሉብን። አንደኛው ችኩል ዕርቅ ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ነገሩ ሳይሰማ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባላል፤ ተበዳዩ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ይስማማል፤ ቁስሉን ግን ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ይህ በካርቴጅ ያለ ንስሓ ከተሰጠው ኅብረት ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛው የኖቫትያን መንገድ ነው። የወደቀው ሰው ሲመለስ በአፍ እንቀበለዋለን፤ ነገር ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በውድቀቱ ስም እንጠራዋለን። ሁለቱም ጥላቻን አያስወግዱም፤ አንዱ ይሸፍነዋል፣ ሌላው ይመግበዋል።

የ251ዱ ጉባኤ መንገድ ግን ለዛሬ እረኛ የሚጨበጥ ነው። በደሉን በስሙ እንጥራው። ሰውን በወገኑ ሳይሆን በራሱ ሥራ እንመዝነው። ከመፍረዳችን በፊት እንመርምር፤ ምርመራው ነጻ ያወጣውንም ሰው ነጻ እንበለው። ለንስሓ ጊዜ እንስጥ፤ ጊዜውም ሲፈጸም የጌታን እራት አንከልክለው። የበደለንን ወገን ሕሙማን ለመጠየቅ፣ ሙታኑን ለመቅበር ደግሞ ዕርቁ እስኪያልቅ አንጠብቅ፤ የካርቴጅ ምእመናን ከአሳዳጆቻቸው የይቅርታ ጥያቄ ሳይመጣላቸው ነው አስታማሚ የሆኑት።

የአገራችን ሰው ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል። የሚስል ሌባ እንደሚያዝ ሁሉ የሚጠላ ጸሎተኛም ራሱን ያጋልጣል። ከ303 በኋላ የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ጸሎትም፣ ጾምም፣ ሰማዕታትም አላነሷትም። በሁለቱም ወገን ለመጽሐፍ ቅዱስ ሊሞቱ የተዘጋጁ ሰዎች ነበሩ። መጽሐፉን ከእሳት ያዳኑ ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ የተጻፈውን ትእዛዝ ግን በእጃቸው ሳለ ጣሉት።

አዲሱ ትእዛዝ በይሁዳ መውጣትና በጴጥሮስ መካድ መካከል ተሰጠ ብለናል። ጴጥሮስ ካደ፤ ጌታም በባሕሩ ዳር ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን? ብሎ ጠየቀው፤ በጎቹንም መልሶ በእጁ አደራ ሰጠው (ዮሐ. 21፥15-17)። ክህደቱ አልተሸፈነም፤ ጥያቄው እንደ ክህደቱ ቍጥር ሦስት ጊዜ መጣ። በሩም አልተዘጋም። ዛሬ መንጋ የምንጠብቅ ሁሉ በዚህ መንገድ ከተመለሰ እረኛ በኋላ የተነሣን ነን፤ በየጉባኤያችን ደጅ ቆሞ መመለስን የሚጠብቅ ወንድምም ይኖራል።